ሐዲድ ያነሰው ወንድሜና የጉደይም ነሻ

«ኸላስ፣ አበቃ! ደም መቀበል አያስፈልገውም።»

ዶክተር ኢማን ይህን ያለችን ባለፈው ሐሙስ ነው። የደም ምርመራውን ወረቀት ወደኛ አዙራ ቁጥሩን በእስክሪብቶዋ ከበበችው፤ አሥራ አንድ ተኩል ይላል። እማ ቁጥሩን አላየችም፤ ያየችው የዶክተሯን ፊት ነው። ከዚያ እዚያው ክፍሉ ውስጥ እልልታውን አቀለጠችው። ውጭ ተራ የሚጠብቁት እናቶች ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ በእልልታ መለሱላት። ዘበኛውም «ማን ወለደ?» እያለ ብቅ አለ። የነገሩ ሁሉ ባለቤት የሆነው ወንድሜ ቢኒ ደግሞ የዶክተሯን የልብ ማዳመጫ አፉ ውስጥ ከቶ ያኝክ ነበር።

እስከዳር እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እናትና አባቴ ከጎንደር ቆላ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ ገና ምግብ የሚጀምር ሕፃን ላላችሁ፣ በተለይም ሐኪም «ልጃችሁ ደም አንሶታል» ብሏችሁ ልባችሁ ለተሰበረ ነው። ደስታዬ ስላልበረደልኝ እዚህም እዚያም ብረግጥ አትፍረዱብኝ፤ የምነግራችሁን ሁሉ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።

የመጀመሪያው ምልክት የመጣው ከዚሩ ነው። ዚር ውኃ የምናቀዘቅዝበት ትልቁ የሸክላ ጋን ነው፤ እዚህ አገር በየደጁ አለ። ቢኒ ስምንተኛ ወሩ ላይ መዳህ እንደጀመረ፣ ሌላ መንገድ የሌለ ይመስል በቀጥታ ወደ ዚሩ ሄዶ ሸክላውን ይልስ ጀመር። ሳቅንበት። እማ «ልጄ ጠምቶት ነው» አለች። እኔ ፎቶ አነሳሁትና ቁረይሻ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ለሚነዳው አባቴ ላክሁለት፤ እሱም «ጋኑን በልቶ ሳይጨርሰው ድረሱበት!» ብሎ መለሰልኝ።

ከዚያ የግድግዳውን ጭቃ ያዘ። ከዚያ ጫማ ላይ ያለውን አፈር። ቀስ እያለ ሳቁም ቀነሰ፤ ሳዝለው ሻሼን እየጎተተ የሚያስመርረኝ ልጅ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ይውል ጀመር። አንድ ቀን መዳፉን ገልጬ ከመዳፌ አጠገብ አደረግሁት። የሱ ነጭ ነው፤ ወረቀት።

እማ ግን ብዙም አልደነገጠችም፤ ምክንያቱም ቢኒ ይበላል። የሚበላው ምን መሰላችሁ? ቡስኩት በሻሂ። እዚህ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ወተት ባለው ሻሂ ቡስኩት ነክራ ጧትም ማታም ታጎርሰዋለች። ጡቷንም ይጠባል። ከዚህ በላይ ሕፃን ምን ይፈልጋል? መዳፉ ስላስፈራኝ እማን ጎትቼ ጤና ጣቢያ የወሰድኋት እኔ ነኝ።

የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው በመጡ ሰዎች ተጨናንቋል፤ ዶክተር ኢማን ራሷ እንዲያ ሆና የመጣች ወጣት ሐኪም ናት። ተራችን ደረሰ። ጣቱን ወጉት። አላለቀሰም። ያ ነው ያስፈራኝ። ልጅ ሲወጉት ያለቅሳል። ቢኒ አየት አደረጋቸውና ጭንቅላቱን መልሶ ጣለ።

ዶክተሯ ውጤቱን ለእማ ስትነግራት እኔ የመድኃኒት መስኮቱ ጋ ተሰልፌ ነበር። ስመለስ እማ ቢኒን አዝላ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ እያለቀሰች ስትወጣ አገኘኋት።

«ምን አለችሽ እማ?»

«ፖርት ሱዳን ውሰጂው አለችኝ።»

«ፖርት ሱዳን? ምን ሊሆን?»

«እኔ ምን አውቄ! ሐዲድ፣ ሐዲድ ትላለች። በባቡር ይሂድ ማለቷ አይደለም? የፖርት ሱዳኑ ባቡር እኮ ከቆመ ስንት ዘመኑ! በምን ላድርሰው ልጄን!»

እጇን ይዤ መልሼ አስገባኋት። ዶክተሯ በዐረብኛ ደገመችልኝ፤ «ነግስ ሐዲድ»። ሳቄና ዕንባዬ አንድ ላይ መጡ።

«እማ፣ ሐዲድ በነሱ ቋንቋ ብረት ነው። ብረት አንሶታል ነው የምትልሽ።»

እማ ዕንባዋን ጠርጋ ዶክተሯን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ብረት? ገና ቆሞ ያልሄደ ልጅ ብረት ይታጠቅ? ምን፣ ሽፍታ ነው አለችሽ?»

የኛ ሰው ብረት ሲባል የሚታየው ጠመንጃ ነው። ይህን ለዶክተሯ ስተረጉምላት ከወንበሯ ልትንሸራተት ምንም አልቀራት። ዓይኗን ጠራርጋ ግን አጠገባችን ቁጭ አለችና ቀስ ብላ አስረዳችን። ደምን ደም የሚያደርገው ብረት ነው። ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው ብረት ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው እያለቀ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ጡት ብቻውን አይበቃውም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። ሻሂ ደግሞ የተገኘችውን ጥቂት ብረት አንጀቱ እንዳይቀበላት ያግዳል። ሸክላና አፈር መላሱም የዚሁ የደም ማነስ፣ አኒሚያ የሚሉት፣ ምልክት ነው። ሄሞግሎቢን የሚሉት የደሙ ልክ አሥራ አንድ ገደማ መሆን ሲገባው ሰባት ተኩል ነበር። ፌረስ ሰልፌት የሚባል የብረት ጠብታ አዘዘችልን። ቀጥላም «ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ወይም ከወረደ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልኬው ደም ይሰጠዋል» አለች።

ደም በዐረብኛም ደም ነው። እማ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሐሳብ አልነበረም። ቢኒ የሰው ደም ሳይቀበል ይድናል ወይስ አይድንም?

እማን ሻሂውን ማስተው ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ከሻሂው ከከለከልሽው፣ ልጄ በምን ይሳቅ?» አለችኝ። «እማ፣ አሁንስ እየሳቀ ነው?» አልኋት። ኩባያውን አጥባ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ደፋችው።

ምን እንስጠው ታዲያ? ስልኬን አውጥቼ «የሕፃን የመጀመሪያ ምግብ» ብዬ ፈለግሁ። የመጣልኝ ሁሉ ሰማያዊ ነው። ብሉቤሪ በገንፎ፣ ብሉቤሪ በእርጎ። እጠቢው፣ ቀቅዪው፣ እያንዳንዷን ፍሬ በጣትሽ ጨፍልቂያት፤ ክብ ፍሬ እንዳለ ከሰጠሽው ጉሮሮው ላይ ትወተፋለች ይላል። ለእማ አሳየኋት።

«ይኼ ዶቃ ነው እንጂ ምግብ ነው?»

«ፍሬ ነው እማ። ፈረንጆቹ ሕፃን የሚያስጀምሩበት ነው።»

«እንግዲያ ተነሽና ገዳሪፍ ገበያ ሂጂ፤ ካገኘሽ ለኔም አንገቴ ላይ የማስረው ታመጪልኛለሽ።»

ዶክተር ኢማንን ስጠይቃት እሷም ሳቀች። «እኔም በአፌ ገብቶ አያውቅም» አለች። «ብረቱ ከምስር፣ ተቀቅሎ ከላመ ሥጋና ጉበት፣ ከእንቁላል አስኳል ይምጣለት። ፍሬ ካማራችሁ ገበያው በጉደይም ሞልቶ የለም እንዴ? ነሻ አድርጋችሁ ስጡት። ግን ከጠብታው ጋር እንጂ በጠብታው ፋንታ አይደለም። ክብ ፍሬ እንዳለ አለመስጠቱ ደግሞ ለሰማያዊውም ለዚህም ያው ነው።»

ጉደይም በዱር የሚበቅል፣ ከሽምብራ የማይበልጥ ፍሬ ነው፤ ሲደርቅ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ቡናማ ይሆናል። ላዩ ስስ ሥጋ፣ ውስጡ ድንጋይ የመሰለ ዘር። እማ እንዳየችው «ይኼማ ሰሊጥ ስናርም ከቁጥቋጦ እየለቀምን የምንበላው ነው!» አለች። ነሻ የሚባለው ደግሞ ሱዳኖቹ ከማሽላ ዱቄት የሚያፈሉት ቀጭን አጥሚት ነው። አሠራሩን ያሳዩን ጎረቤታችን ሐቦባ ሱዓድ ናቸው፤ ሐቦባ እዚህ አያት ማለት ነው።

መጀመሪያ ጠጠሩንና ጭራሮውን እንለቅማለን። ደጋግመን እናጥባለን። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ከጧት እስከ ቀትር እንዘፈዝፈዋለን። ከዚያ እጃችንን በሳሙና ታጥበን፣ ሥጋው ከዘሩ እስኪላቀቅ ውኃው ውስጥ እናሸዋለን። እኔ ስጀምር ሐቦባ ሱዓድ ትንሽ አዩኝና «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እየዳበስሽው ነው ወይስ እያሸሽው? አልታመመም እኮ፤ ጠንከር አድርጊው!» አሉኝ። ከታሸ በኋላ ጭማቂውን በጠባብ ማጣሪያ እናጠልላለን፤ አንዲት ዘር ሾልካ እንዳትቀር ሁለተኛ እናጠልለዋለን። የማሽላውን ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠን፣ ጭማቂውን ጨምረን፣ እያማሰልን በደንብ እስኪበስል እናፈላዋለን።

ጣጣው የመጣው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ሐቦባ ሱዓድ በአንድ ወገን የስኳሩን ጣሳ አነሱ። እማ በሌላ ወገን የማር ብርጭቆዋን ይዛ መጣች። እኔ መሐል ድስቱ ላይ ክዳን ይዤ ቆምሁ።

«ዶክተሯ ስኳርም ጨውም አያስፈልገውም ብላለች። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ጨርሶ ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ያመጣል።»

«በማር የሞተ ማንን አይተሽ ነው?» አለች እማ።

«ስኳር የሌለው ነሻ ለቅሶ ቤት ነው» አሉ ሐቦባ ሱዓድ። «ዶክቶራሽ መጥታ ትቅመሰው!»

«እርስዎ ይቅመሱት» ብዬ በማንኪያ ሰጠኋቸው። ቀመሱ። አፋቸውን መጠጥ መጠጥ አደረጉና ጣሳውን ከደኑት። «ለካ የራሱ ጣፋጭነት አለው» አሉ፤ ሌላ ማንኪያም ጨመሩ። የቢኒን ድርሻ ከሳቸው ማስጣል ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

አቀዘቀዝነው። ቢኒን ቀጥ አድርገን አስቀመጥነው። አንድ ማንኪያ። ዋጠ። ሁለተኛ ማንኪያ። ነሻው ወፍሮ ኖሯል። ፊቱ ቀላ። ዓይኑ ዕንባ ሞላ። ምላሱ ወጣ። እማ ጮኸች። ጣቷን ወደ አፉ ሰደደች። እጇን ያዝሁት። ዶክተሯ አስጠንቅቃን ነበር፤ «እየሳለ፣ ድምፅ እያወጣ ከሆነ ራሱ ያወጣዋል፤ ጣት አትክተቱ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።» ሳለ። ደግሞ ሳለ። ተፋው።

የተፋው ሐቦባ ሱዓድ በተጠቀለሉበት ረጅም ነጭ ቶብ ላይ፣ ደረታቸው መሐል አረፈ። ቢኒ ቶቡን አየና ፈገግ አለ። መጀመሪያ የሳቀችው እማ ናት፤ «ያውላችሁ፣ ብረት ታጠቀ ማለት እንዲህ ነው! አልሞ ነው የመታዎት!» ሐቦባ ሱዓድም ስተረጉምላቸው «ይተኩስ፣ እኔ ቆሜለታለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነሻውን ቀጠን እያደረግን፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሲፈልግ ብቻ ሰጠነው።

ሁለተኛው ድንጋጤ ከታች መጣ። ጠብታውን ከጀመረ በኋላ ካካው ጠቆረ። እማ «ይቺ ዶክተር አንጀቱን አቃጠለችው!» ብላ መድኃኒቱን ልትደፋው ስትል ቀምቻት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥሁ። ዶክተሯ «አንጀቱ ያልተቀበለው ብረት ነው የሚወጣው፤ በጠብታው ይጠቁራል። ቢያስመልሰው ወይም ደም ብታዩበት ግን ቶሎ አምጡት» አለችኝ። እማ ይህን ስነግራት «ታዲያ አስቀድማ አትነግረኝም ኖሯል!» አለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ዶክተሯ ፊት ደገመችው። ዶክተር ኢማን «እውነትሽን ነው፣ መናገር ነበረብኝ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተዋደዱ።

መዳን እንደ መታመም ድንገት አይታይም። አንድ ጧት አዝዬው ስወጣ ሻሼ ከራሴ ላይ ተመንጭቆ መሬት ወደቀ፣ ላነሳው ጎንበስ ስል ደግሞ ፀጉሬን ያዘ፣ እኔም እያመመኝ በደስታ ጮህሁ። በሌላ ቀን እየዳኸ ወደ ዚሩ ሲሄድ እማና እኔ ትንፋሻችንን ይዘን አየነው፤ ደርሶ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገውና፣ እንደ ድሮ ጓደኛ ሰላም ብሎት፣ ዶሮዋን ሊያባርር ዞሮ ሄደ። ምስር ሲሸተው አፉን የሚከፍት፣ ጉበት ሲቀርብለት ማንኪያውን ራሱ ካልያዝሁ ብሎ የሚጣላ፣ ነሻውን ፊቱንና ጆሮውን ሁሉ የሚቀባ ልጅ ሆነ። መሐል ላይ ሲመረመር ዘጠኝ ደረሰ፤ ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ያ የነገርኋችሁ ቁጥር መጣ። ጠብታው ግን አላለቀም፤ ሰውነቱ ስንቁን እስኪሞላ ገና ይቀጥላል።

ዶክተር ኢማንን፣ የራሷ ቤት ፈርሶ ለኛ ቤት የምትጨነቀውን፣ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ሐቦባ ሱዓድን ጀዛኪላህ ኸይር፣ አላህ መልካሙን ይክፈልልኝ። እማን ደግሞ፣ እየፈራችም ማንኪያውን ከእጇ ስላልጣለች፣ እጇን እስማለሁ።

እናንተን የምመክራችሁ ይህን ነው፦ ሻሂ የሕፃን ምግብ አይደለም፣ ሆዱን ቢሞላም። ጉደይሙ ጥሩ ነው፣ ሎሚ ጠብ ያለበት ምስርም ጥሩ ነው፤ ደም ያነሰውን ልጅ ግን ምግብ ብቻውን አያድነውም፤ አስመርምሩት፣ ጠብታውንም ሐኪሙ ባለው ልክ ብቻ ስጡት፤ ጠርሙሱንም ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት። ቋንቋው ካልገባችሁ አታፍሩ፤ እስኪገባችሁ አስደግሙ።

አሁን ግብዣዬን ላድርስ። ዶክተሯ ሐሙስ ሐሙስ፣ በክትባት ቀን፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ያለው የኒም ዛፍ ሥር እየመጣን ነሻውን ለእናቶች እንድናሳይ ጠይቃናለች። ጉደይሙን ሐቦባ ሱዓድ ያመጣሉ፤ በአማርኛውም በዐረብኛውም እኔ አወራለሁ፤ እማ ደግሞ ለምታለቅስ እናት ቢኒን ታሳቅፋለች። እናንተ ሕፃናችሁንና አንዲት ትንሽ ማንኪያ ይዛችሁ ኑ። ፋሽጋ እርሻ ላይ ወይም ኒው ሀልፋ ሆናችሁ መምጣት ካልቻላችሁ፣ አንዲት ጎረቤት ጥሩና ጉደይሙን እዚያው አብራችሁ እሹት። ነገር ግን የልጃችሁን መዳፍ ገልጣችሁ ነጥቶ ካያችሁት፣ ሐሙስን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።