ኬላው ላይ የጠፋ ሞተር

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤቴ ደጃፍ አንድ አሸዋ የጫነ መኪና አልነሳ አለ። ሹፌሩ ቁልፉን ይጠመዝዛል፤ ሞተሩ ያጓራል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። የማጥበውን ሳህን አስቀምጬ ጆሮዬን አቆምኩ። ያ ድምፅ በተደጋገመ ቁጥር ጋሽ ባራሶን ያመጣብኛል።

ጋሽ ባራሶ ጎረቤታችን ነበሩ። ያኔ አዋሳ በምንላት ከተማ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነበር። አፍንጫዋ ረጅም፣ ቀለሟ በፀሐይ የነጣ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ይነዳሉ። አማርኛና ሲዳምኛ እየቀላቀሉ እንደ ሰው ያናግሯታል። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መዝሙር የሚዘምሩት ሞተሩ እየጮኸ፣ ሰው በማይሰማቸው ሰዓት ብቻ ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚታፈስበት ጊዜ ነው። የታላቅ ወንድሜ የማርቆስ ጓደኞች አንዳንዶቹ ከኳስ ሜዳ፣ አንዳንዶቹ ከገበያ ተወስደዋል። እሱ ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ይውላል። አንድ ቀን እማዬ አጥሩ ሥር ቆማ፣ ከይርጋለም ማዶ አጎቷ ዘንድ ማርቆስን እንዲያደርሱላት ጋሽ ባራሶን ለመነቻቸው።

“እምቢ ቢሉኝም አልቀየምዎትም” አለቻቸው።

ጋሽ ባራሶ፣ “የእኔን ልጅ ሲወስዱት ቤት አልነበርኩም” አሉ። “ነገ ጨው እጭናለሁ። ተዘጋጁ።”

በማግስቱ ከጋቢናው ጀርባ፣ በጨው ጆንያዎቹ መካከል ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ትተው ጠበቁን። ማርቆስ ገባ። በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ጆንያ፣ ከዚያ ሸራ ሆነ። እኔና እማዬ ጋቢና ተቀመጥን፤ ለጠየቀን ሁሉ ለቅሶ ልንደርስ ነው።

ከተማው መውጫ ኬላ ላይ ጠብመንጃ ያነገተ አንድ ወጣት ጥበቃ አስቆመን። ሸራውን ገለጥ አድርጎ ጆንያዎቹን በቀጭን ብረት ወጋ ወጋ አደረገ። ብረቱ ጨው ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ጋቢና ድረስ ይሰማናል። እማዬ ጉልበቴን ጨብጣ ነበር፤ ጥፍሯ ቀሚሴን አልፎ ተሰማኝ። ወጣቱ ተመልሶ መንገዱን የዘጋውን ገመድ ለቀቀና “እለፉ” አለን።

መኪናዋ ትንሽ ተንቀሳቅሳ አሳላትና ሞተሩ ጠፋ።

ጋሽ ባራሶ ቁልፉን ጠመዘዙ። አጓራች፤ አልተነሳችም። ደገሙ። የጥበቃዎቹ አለቃ ከኬላው ዳስ ወጣ።

“ጓድ ሹፌር፣ መንገዱን ዘጉት እኮ። ጭነቱ ይውረድና ትገፋ።”

“መሬቱ ርጥብ ነው፣ ጨዉ ይበላሽብኛል” አሉ ጋሽ ባራሶ። “ትንሽ ታገሱኝ።”

አለቃው ወደ ወጣቱ ዞር ብሎ፣ “ሸራውን መፍታት ጀምር” አለው።

እኔ ጋሽ ባራሶ የሚቻኮሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ይብስ ቀስ አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ቁልፉን ጠምዝዘው፣ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው የጭስ ማውጫውን አዩ። “ባትሪው ደህና ነው” አሉ ለእማዬ በለሆሳስ። “ጭስ ግን የለም። ናፍታ እየደረሳት አይደለም።” ወረዱ። የናፍታውን ጋን ከፍተው እንጨት ከተቱበት፤ እንጨቱ እስከ ግማሹ ረጥቦ ወጣ። ኮፈኑን አንስተው የማጣሪያውን ብሎን አላሉና በእጅ የሚገፋውን ትንሽ ፖምፓ ገፋ ገፋ አደረጉ። በብሎኑ ሥር ነጭ አረፋ ተንፈቀፈቀ።

“አየር እየሳበች ነው” አሉ።

ከኋላችን ወጣቱ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሲራመድ ጋቢናው ይንቋቋል። የገመድ መጎተት ሰማሁ። እማዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም።

“ልጄ!” ብለው ተጣሩ ጋሽ ባራሶ ወደ ላይ። “አንተ ጉልበት አለህ። ወርደህ ይህችን ፖምፓ ብትገፋልኝ ቶሎ እንሄድልህ ነበር።”

ወጣቱ አለቃውን አየ። አለቃው በእጁ ምልክት ሰጠው። ወረደና ጠብመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ መግፋት ጀመረ። ጋሽ ባራሶ ከመኪናዋ ሥር ተንጋልለው የናፍታውን ቱቦ ከጋኑ ጀምሮ በጣታቸው ዳበሱት። ከጋኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በንዝረት ተሰንጥቆ ነበር። ለማርቆስ ከቋጠርነው ጓዝ ሳሙና ከእማዬ ተቀብለው፣ በመዳፋቸው አልፍተው ስንጥቁን መረጉት፤ በላዩ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠመጠሙበት።

“አታቋርጥ፣ ጎበዝ” ይሉታል ወጣቱን። “አረፋው ሲጠፋ ንገረኝ።”

ወጣቱ ክንዱ እስከ ክርኑ ናፍታ ሆኗል። ሥራውን ወዶታል መሰለኝ፤ ጭነቱን ረስቶ ብሎኗ ላይ አፍጥጧል። በመጨረሻ “ጠርቷል አባባ” አለ።

ጋሽ ባራሶ ብሎኑን አጠበቁና ገቡ። ቁልፉን ሲጠመዝዙ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጓራች፣ አጓራች፣ ከዚያ መኪናዋ በሙሉ ተንቀጠቀጠችና ጥቁር ጭስ ኬላውን ሸፈነው። ወጣቱ እየሳቀ እጁን አውለበለበልን።

ከይርጋለም ማዶ ማርቆስን ስናወጣው ከንፈሩ በጨው ነጥቶ እግሩ አልቆም ብሎት ነበር። ጋሽ ባራሶ ቁጭ ብለው እግሩን አሹለት። ከዚያ መሪውን መያዝ አቅቷቸው መኪናዋ መርገጫ ላይ ሲቀመጡ ረጅም ጊዜ ጠበቅናቸው።

መንግሥት ሲለወጥ ማርቆስ ተመለሰ። የጋሽ ባራሶ ልጅ አልተመለሰም። የተበተነው ሠራዊት በከተማው ሲያልፍ ሰንብቶ፣ እሳቸውም በር ላይ ቆመው የያንዳንዱን ፊት ሲያዩ ሰንብተዋል። ማርቆስ ማንም ሳይጠይቀው ጠዋት ጠዋት አጥሩን ተሻግሮ ከእሳቸው ጋር መኪናዋን ማሞቅ ጀመረ። ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ተረከበ፤ ሲታመሙም ሐኪም ቤት ያመላልሳቸው የነበረው እሱ ነው።

ጋሽ ባራሶ ያረፉ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ከይርጋለም የመጡ አንድ ሽማግሌ እማዬን፣ “ልጃቸው የትኛው ነው? እግዜር ያጥናህ ልበለው” ብለው ጠየቋት። እማዬ በእጇ ወደ ማርቆስ አመለከተቻቸው። ሽማግሌው ሄደው እጃቸውን ሲዘረጉለት ማርቆስ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።