የሳውሃ እንስራዎች

ሳውሃ በአሥራ አራት ዓመቷ አውሎ ነፋስ የአባቷን ጀልባ ሰባበረው። ታላቅ ወንድሟ ሹይሲንግ በነበረችው አንዲት ገመድ እሷን ከሳንቃ ጋር አሰራት፤ ለራሱ ምንም አልቀረውም። እሷን ማዕበሉ ታይ ኦ በምትባለው የደሴት መንደራቸው ዳርቻ ላይ ጣላት፤ እሱን ግን ባሕሩ አልመለሰውም።

በዓመቱ፣ ከአውሎ ነፋሱ የተረፈው አባቷ በሌላ ጀልባ ሲያጠምድ፣ መረቡ የሰው ጭን አጥንት ይዞ ወጣ። የዚያ አገር ዓሣ አጥማጅ እንዲህ ያለውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ የብስ ያመጣዋል እንጂ መልሶ አይጥለውም። አባቷ ግን አጥንቱን ማምጣት የልጁን ሞት ማመን መስሎ ታየውና ወደ ባሕሩ ወረወረው። ሳውሃ ዓይኗ እያየ።

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ውሃ ላይ በተተከለው ቤታቸው ደጃፍ፣ ጠዋት ጠዋት እርጥብ የእግር ዱካ ይታይ ጀመር። ከደረጃው ይነሣና በሩ ጋ ሲደርስ ያበቃል። አባቷ በጨርቅ ይወለውለው ነበር። እሱ ሲሞት መወልወሉ ለእሷ ቀረ።

በተራራው የቡድሂስቶች ገዳም የምትኖር አንዲት መነኩሲት፣ ሥራውን ያላቋረጠ ሰው የልፋቱን እውነተኛ ፍሬ ሳያገኝ አይቀርም አለቻት። ሳውሃም በየጀልባው እየዞረች፣ አጥንት ቢወጣላችሁ ለእኔ ስጡኝ ብላ ለመነች። ያመጡላትን እያጠበች፣ ፀሐይ ላይ እያደረቀች፣ በእንስራ እያኖረች አርባ አንድ ዓመት ቆየች። ጎረቤቶቿ በደጇ ማለፍ ይፈሩ ነበር። ካምታይ የሚባለው አጥማጅማ ባገኛት ቁጥር፣ «እትዬ ሳውሃ፣ ያ ፍሬ ገና አልበሰለም? ወይስ ወፍ በላው?» ይላት ነበር።

አንድ የመኸር ጠዋት ያው ካምታይ መጣ። አልቀለደም። አባቷ አጥንቱን ከጣለበት፣ ከደሴቲቱ ጀርባ፣ የጭን አጥንት በመረቡ ወጥቶለት በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ታቅፎት ነበር። ሳውሃ ተቀበለችው፤ አጥባም አኖረችው።

በማግስቱ የደጃፏ ሳንቃ ደረቅ ነበር። በሳምንቱም፣ በዓመቱም። ሳውሃ ግን ዛሬም ጨርቋን ይዛ ትወጣለች፤ ደረቁን ሳንቃ በእጇ ዳብሳ ትመለሳለች።

ካምታይ በመጨረሻ ደፍሮ ጠየቃት፤ ያ አጥንት የወንድምሽ ነበር ወይ?

«እኔ ምኑን አውቄ» አለችው። «አጥንት ስሙን አይናገርም። አንድ ባመጣችሁልኝ ቁጥር፣ እሱ ነው እያልኩ ነው የተቀበልኩት። ዋናው ነገር ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ነው። ቀዝቃዛውንማ ጠግበውታል።»