በስድስት ሳምንቷ ያረጀች ፎልደር

ይህ የደረሰብኝ በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው። ዓመተ ምህረቱን ያስቀደምኩት ለደንቡ ብዬ አይደለም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ስለሆነ ነው። ዛሬም ወረቀት ላይ ቀን ጻፊ ስባል እጄ ለአፍታ ይቆማል።

የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ሮቤ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ጤና ነክ ትምህርት አስተምራለሁ። በተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የማረጋግጥ ሴት ነኝ። ይህን የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ጥፋት የግድየለሽ ሰው ጥፋት እንዳይመስላችሁ ነው።

ከባልደረቦቼ ጋር በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ጥናት ጀምረን ነበር። ደም እንወስዳለን፣ አዲስ አበባ ልከን የጉበት ቫይረስ መኖር አለመኖሩን እናስመረምራለን። ቫይረሱ ያለባት እናት ልጇ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ክትባት ማግኘት አለበት። በዘገየ ቁጥር ሕፃኑ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል።

የጥናት መረጃ ሁሉ የሚቀመጠው የጋራ ሰርቨር ላይ ነው። ሁላችንም ከየቢሯችን ገብተን ፋይላችንን የምናኖርበት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በሉት። ድሮ በፍላሽ ነበር የምንሠራው፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ቫይረስ ይይዛል፣ ሰው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ሰርቨሩ ሲመጣ ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ላፕቶፓችን ላይ የሚኖረው የእናቶቹ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። የየትኛው ቁጥር ባለቤት ማን እንደሆነች፣ ስልኳና ቀበሌዋ ሳይቀር፣ የተጻፈበት ዝርዝር ከሰርቨሩ ሌላ የትም መቀመጥ የለበትም። በእጅ የጻፍነውን ወረቀት ራሴ ቀዳድጄ አቃጥያለሁ። ለእያንዳንዷ እናትም «ስምሽን ከእኔ በቀር ማንም አያየውም» ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ውጤት በኢሜይል መጣ። ከላይ እስከ ታች ኔጌቲቭ፣ ኔጌቲቭ ይላል። አንገቱ በምትባል ከተማ ደም ከሰጡን አሥራ ሰባት እናቶች መካከል ግን አንዷ፣ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ፖዘቲቭ ሆናለች። ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጥሯን ፈለግኩ። የመጀመሪያ እርግዝና፤ ደም ስትሰጥ ሠላሳ ሁለት ሳምንቷ። ደም ከወሰድን ስድስት ሳምንት አልፏል። ዛሬም ነገም ልትወልድ ትችላለች።

ስሟንና ስልኳን ለማየት ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁ። ፎልደሬ የለችም።

መጀመሪያ የሌላ ሰው ቦታ የከፈትኩ መሰለኝ። ወጥቼ ገባሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። የለችም።

እየሮጥኩ ጋሽ አብዱልከሪም ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ አብዱልከሪም ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩ፣ የጎባ ልጅ፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሰው ናቸው። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ላይ፣ እንግዶች ባሉበት፣ ጮህኩባቸው። «ማን ነው የነካብኝ? የሰው ሕይወት ነው እኮ!» አልኩ። ሌላም ሌላም አልኩ፤ እዚህ የማልደግመው።

እሳቸው የተሰረዙትን ዝርዝር አውጥተው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። ካሳለፍነው ሳምንት ጀምሮ ሰባት ዓመት የሞላቸውን ጥሬ መረጃዎች እያጸዱ ነበር፤ ቦታ ሞልቷል። ቀደም ብሎ ሁሉም ፋይል ወደ አዲስ ማሽን ስለተዛወረ፣ የፋይሎቹ ቀን በሙሉ የተዛወሩበት ቀን ሆኗል። ስለዚህ አሮጌውን ከአዲሱ የለዩት በፎልደሮቹ ስም ነው።

«ልጄ፣ ይቺን ማን ጻፋት?» አሉኝ ጣታቸውን አሳርፈው።

02-2018 ትላለች። የእኔ ፎልደር ናት። ለእኔ ጥቅምት 2018 ነው፤ መስክ የምንይዘው ወረቀት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ስለሆነ እሱኑ ገልብጬ ነው የጻፍኩት። ሰርቨሩ ግን የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለእሳቸው ፌብሩዋሪ 2018 ነው፤ ሰባት ዓመት ያለፈው አሮጌ ነገር።

«ማስታወቂያ አላወጣችሁም» አልኩ፣ ድምፄ ቢወርድም።

ቴሌግራም ግሩፑን ከፈቱ። ማስታወቂያው አለ፤ «ተቃውሞ ያለው ያሳውቀኝ» ይላል። ከሥሩ አንድ አውራ ጣት ተቀስሯል። የእኔ አውራ ጣት ነው። ሳላነበው «ላይክ» አድርጌው ኖሯል። የዚያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሮጌው ማሽን ዲስኩ ተጠርጎ ለሌላ ክፍል ተሰጥቷል። ጋሽ አብዱልከሪም «እሞክራለሁ፣ ግን ተስፋ አታድርጊ፤ ሌላ መንገድ ፈልጊ» አሉኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ቀስ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ» ብለው አባረሩኝ።

በማግስቱ ረቡዕ፣ የመመርመሪያ ኪት በካርቶን ይዤ በመኪና ወጣሁ። ሳነቴ አምባ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በቀስታ ይነዳል፤ እኔ በሆዴ ሳምንት እቆጥራለሁ። ሠላሳ ሁለት ሲደመር ስድስት፣ ሠላሳ ስምንት። መልሱ እንደሚለወጥ ሁሉ ደጋግሜ እደምራለሁ። የሪራን መንደር አልፈን ሀረና ጫካ ውስጥ ስንገባ ስልኬ ኔትወርክ አጣ።

አንገቱ ስደርስ አዋላጇን ሲስተር ዘይነባን አገኘኋት። ያገሩ ልጅ ናት፣ ፈጣን፣ ነገር አይረዝምባትም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ያቺ የላይክ አውራ ጣት ሳትቀር። ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ።

የነፍሰ ጡሮቹን መዝገብ ገለጥን። ደም ስንወስድ አብራን የነበረችው ዘይነባ የሰጡንን አንድ በአንድ ለየቻቸው፤ ከእነሱ ውስጥ የመጀመሪያ እርግዝና የሆነላቸው አራት ናቸው፤ ሁሉም የተቀራረበ ሳምንት ላይ። «አራቱን አሁኑኑ እናስጠራ» አልኩ።

«ወላሂ አይሆንም» አለች ዘይነባ። «አራቱን ብቻ ከጠራን ገበያተኛው ሁሉ ምን ተገኘባቸው ሲል ይውላል። አንቺ ሮቤ ትገቢያለሽ፣ እነሱ እዚህ ይኖራሉ። አሥራ ሰባቱንም ነው የምንጠራው። ነገ ገበያ ነው፣ ሴቱ ሁሉ ይወጣል፤ ዛሬ ማን ቤቱ ይገኛል? ሁሉም ቡና ለቀማ ጫካ ነው ያለው።»

ልቤ «ዛሬ፣ ዛሬ» እያለ እሺ አልኳት። ትክክል ነበረች። ምስጢር ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ፤ ምስጢር መጠበቅ ምን እንደሆነ ግን ከእሷ ተማርኩ።

ሐሙስ ከጠዋቱ ጀምሮ እየተጠራሩ መጡ። ዘይነባ «አካም ጅርታ፣ እንደምን ነሽ» እያለች ተቀብላ፣ «ወረቀታችን ተበላሽቶብን ነው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አንድ ጠብታ ደም ስጡን» ትላቸዋለች። ኪቱ ውጤት እስኪሰጥ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው። አንድ መስመር ከወጣ ነፃ ናት፤ ሁለት ከወጣ ቫይረሱ አለባት። እያንዳንዷን ሩብ ሰዓት ዓይኔን ከኪቱ ሳልነቅል ነው ያሳለፍኩት። አንድ መስመር። አንድ መስመር። አሥራ ስድስት ሴቶች፣ አሥራ ስድስቱም አንድ መስመር።

አሥራ ሰባተኛዋ አልመጣችም። ከአራቱ አንዷ ናት።

ስሟን አልጽፍም። ዘይነባ የሴትየዋን ጎረቤቶች ስትጠይቅ፣ ልትወልድ እናቷ ዘንድ ብድሬ አጠገብ ሄዳለች አሏት። ስልኳ ዝግ ነው። በመጨረሻ የወንድሟ ስልክ ተገኘ። ዘይነባ በኦሮምኛ አናግራው ስትጨርስ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልወደድኩትም።

«ወልዳለች» አለችኝ። «ትናንት ጎህ ሲቀድ። እዚያው ቤት ውስጥ። ወንድ ነው፣ አልሃምዱሊላህ ደህና ናቸው።»

ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዘን ወዲያው ተነሳን። ስንደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሕፃኑ ከተወለደ ሠላሳ አራት ሰዓት ሆኖታል። ማክሰኞ ጠዋት፣ ውጤቱ እንደመጣ፣ ስልኳ እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ ክትባቱ ቀድሞን ብድሬ ይጠብቀው ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። መንገድ ላይ ራሴ አሰላሁት።

ዘይነባ ቤተሰቡን «እናትና ልጅ ልመርምር» ብላ በዘዴ አስወጣች። እናትየዋን መረመርናት፤ ሁለት መስመር። ሕፃኑን ከተበን። ትንሽ አለቀሰና ጡት ያዘ።

ከዚያ እኔ መናገር ነበረብኝ። ስለ በሽታው ዘይነባ ነገረቻት፣ ረጋ ብላ፣ ጡት ማጥባት እንደምትችል፣ ሕክምና እንዳለው። እኔ ደግሞ ለምን እንደዘገየን ነገርኳት። ስሟ ያለበት ፋይል በእኔ ስህተት እንደተሰረዘ፣ ማን እንደሆነች ሳላውቅ ሁለት ቀን እንደፈለግኳት።

ሕፃኑን እያየች «ስሜን ከአንቺ በቀር ማንም አያየውም ብለሽኝ ነበር» አለች። «ለካ አንቺም አላየሽውም።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እግሯ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «ራኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለም፣ መጥተሻል» ብላ እጄን ያዘችኝ።

ሮቤ ስመለስ ጋሽ አብዱልከሪምን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ የጮህኩባቸው ሰው ፊት ስለነበር ሰው ፊት ነው የጠየቅኳቸው። ዲስኩን ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈትሹ ሰንብተው ምንም አላገኙም። አሁን ሰርቨሩ ላይ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የማይጽፍ፣ የወሩን ስም በፊደል የማያሰፍር ሰው ፎልደር መክፈት አይችልም። እኔም ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነባለሁ።

ሕፃኑ አሁን አምስት ወሩ ነው። ቀጣዮቹን ክትባቶች በወቅቱ ወስዷል። ቫይረሱ ተላልፎበት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀው ግን ዘጠኝ ወር ሲሞላው ነው። ባልደረቦቼ «አገኘሻት፣ ከተባችሁት፣ በቃ አለቀ» ይሉኛል። እናትየዋም አልፎ አልፎ ድምፅ ትልክልኛለች፤ ከኋላ ልጁ ሲንጫጫ ይሰማል። ወቀሳ የለበትም። ሰላምታ ብቻ ነው።

ከሃያ አራቱ ሰዓት በላይ ያለፉት አሥር ሰዓቶች የእኔ ናቸው። ውጤቱ እስኪመጣ ደረስኩለት ማለት አልችልም።