በሹክሹክታ የመጣው ጅብ

ልጅ ሳለሁ የቤታችን ጅብ የሚጮኸው ጋራዥ ውስጥ ነበር። በካዚኖ ከተማችን ዳር፣ ሴንቴኒያል ሂልስ በሚባል ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም በተቀባበት ሰፈር፣ ፀሐይዋ ጠልቃ ሙቀቱ በረድ ሲል አባባ፣ የአባቴ አባት፣ የጋራዡን በር ከፍቶ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ተረት ይነግረኛል። እማዬ «እርስዎ በያቸው» ብላ ብትመክረኝም እኔ አንተ ነበር የምለው፤ እሱም ደስ ይለው ነበር። ያኔ ድምፁ ጉድ ነው! የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበርና ቆሞ ሲጸልይ ማይክራፎን አይሰጡትም፤ የተረቱን ጅብ ሲጮህልኝ ደግሞ የጎረቤት ውሻ አብሮት ይጮሃል። እማዬ ከኩሽና ሆና «ኧረ አባባ፣ ፖሊስ ይጠሩብናል!» እያለች ትስቃለች።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባባ የጉሮሮ ኦፕሬሽን አደረገ። ዕጢው ወጣለት፣ ዳነ፣ ድምፁ ግን አብሮ ሄደ። የቀረችው ትንፋሽ የበዛባት አንዲት ቀጭን ድምፅ ናት። ቤት በገባ በሳምንቱ ወንበሩን ዘርግቶ ጠራኝና ጀመረ፤ ጅቡ ጋ ሲደርስ ከአፉ አየር ብቻ ወጣ። እኔም በዚያ በተሰባበረ አማርኛዬ «አባባ፣ ጮክ በል! አይሰማም። ቦሪንግ ነው» ብዬው ካርቱን ለማየት ገባሁ። አልተቆጣኝም። ወንበሩን አጥፎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ወንበሩ እዚያው ወራት ቆየ። እማዬ «ደክሟቸው ነው» ትላለች፤ እኔ ግን ማን እንዳደከመው አውቃለሁ። ወንበሩን ባየሁ ቁጥር ይቅርታ ልል እሄድና አፍሬ እመለሳለሁ።

አባቴ፣ አባዬ የምለው፣ ያኔ ካዚኖ ባለው አንድ ሆቴል፣ ሙዚቃ በሚቀርብበት ላውንጅ አስተናጋጅ ነበር። ከብራዚል መጥታ እዚያ ትዘፍን የነበረች ሴት ኮንትራቷ ሲያልቅ አንድ ሲዲ ሰጥታው ይዞ መጣ። ጓሮ ሥጋ ጠብሰን በልተን፣ ፍሙ ገና ሳይጠፋ ከፈተው። መጀመሪያ ጊታር፣ ከዚያ ድምፅ፤ ድምፅ ከተባለ።

አባባ ጆሮውን አቀና። «ይቺ ልጅ ጉሮሮዋን ታማለች እንዴ?» አለ፣ በዚያች ድምፁ።

አባዬ ሳቀ። «ኧረ ደህና ናት! ቦሳ ኖቫ ነው የሚባለው፣ አዘፋፈኑ እንዲህ ነው። አጠገብ ለተቀመጠ ሰው እንደሚያወሩት።»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ የካዚኖ ጫጫታ ማን ይሰማታል?»

«ይሰሟታል እንጂ! ድምፁን ዝቅ ስታደርገው ሰዉ ቁማሩን ትቶ ይጠጋል። እኔማ ትሪዬን ይዤ ማለፊያ ነበር የማጣው።»

«ይጠጋል?» አለ አባባ። ሁለቴ ጠየቀ።

እማዬ አላስቻላትም። «አባባ፣ ዓለማዊ ዘፈን እኮ ነው።»

«ምን እንደምትል ገባሽ?»

«አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም» አለና ወደ አባዬ ዞሮ፣ «እስኪ ድገመው» አለው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲዲውን ሲሰማ ሰነበተ። አንድ ምሽት ጋራዥ ውስጥ የታጣፊው ወንበር ሲጢጥታ ተሰማኝና ሮጬ ወጣሁ። አልጠራኝም። የሲዲው ጊታር በስሱ ተከፍቷል፣ አባባ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ ተረቱን ጀምሯል። በሩ ላይ ሆኜ አልሰማ አለኝ። አንድ እርምጃ ተጠጋሁ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ በመጨረሻ የኔን ትንሽ ወንበር ጎትቼ ጉልበቱ ሥር ቁጭ አልኩ። ጅቡ መጣ። አልጮኸም፣ በሹክሹክታ ጆሮዬ ሥር መጣ። ጩኸቴን አቀለጥኩት! የድሮው ጅብ ያስቀኝ ነበር፤ ይሄኛውን ግን ፈራሁት፣ እውነት ሆነብኝ። አባባ ድምፅ የሌለውን ሳቁን ስቆ ስቆ «አሁንስ ይሰማል?» አለኝ።

«ይሰማል» አልኩት። ሌላ ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

አባባ ካረፈ ቆየ። እኔ ዛሬ ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፑ ላይ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በላውንጃችን ብዙ ዓይነት ሙዚቃ መጥቶ ሄዷል፤ የሐሙስ አመሻሹ ቦሳ ኖቫ ግን አልሄደም። እኔ ሳልወለድ የተዘፈኑትን ዜማዎች በእኔ ዓይን ገና ልጅ የሆነች ዘፋኝ ስታንጎራጉራቸው እሰማለሁ፣ አይሰለቹም። ለምን እንደሆነ ባስብ ባስብ የማገኘው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሙዚቃ ያለህበት ድረስ መጥቶ ይይዝሃል፣ ይሄ ግን አንተ እስክትመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ባለፈው ሐሙስ ሺፍቴን ጨርሼ ቆሜ ስሰማ አንድ ሰውዬ ከኋላ ጠረጴዛ «ጮክ አድርጊው እንጂ! አይሰማም!» ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ። እኔ የተናገርኩ ይመስል ፊቴ ጋለ። ልጅቷ ፈገግ አለችና ይባስ ዝቅ አደረገችው። ሰውዬው ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ወንበሩን አንስቶ ወደ ፊት ተጠጋ። እዚያው ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ እንባዬ መጣ። እሱ አንድ ዘፈን እንኳን ሳያልቅ ተጠጋ፤ እኔ ግን አባባን ስንት ወር አስጠበቅኩት።