የሾዴ የጅብ ደብተር

ባሌ ሾዴ ጅብ ይቆጥራል። የሌላው ሴት ባል ኳስ ያያል፣ ካርታ ይጫወታል፤ የኔው ሰውዬ ሊነጋ ሲል ተነስቶ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ወንዙ ዳር ይቀመጥና ወደ እንጦጦ የሚመለሱትን ጅቦች በደብተር ይመዘግባል። ስንጋባ ይህ ነገር አልነበረበትም። እኔም ፈሪ ሴት አልነበርኩም፤ የዘንድሮው የካቲት ነው እንዲህ ያደረገኝ። አሁንም በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልከፍትም።

ሾዴ ሸማኔ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ከአጎቱ ጋር ከጨንቻ መጣ፤ ይኸው ሠላሳ ሰባት ዓመት እዚሁ ይሸምናል። ነገረ ሥራው ሁሉ ቀስ ነው። ሲናደድ ዝም ይላል፣ ደስ ሲለው ያፏጫል። ዓይኑ ግን ጉድ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ክር መሀል አንዷ ብትላላ ያያታል። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በኛ አገር ሸማኔና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ሰው ይበላል ይባላል። ላገባው ስል እናቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። "ኧረ እማዬ፣ ሰው በምኑ ጅብ ይሆናል?" ብዬ ስቄባት አገባሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን።

የጅቡ ነገር የመጣው ሚስጥር ከምትባል ልጅ ነው። እጽዋት ማዕከሉ ነው የምትሠራው፤ አውሬ ታጠናለች። ነጠላ ልትገዛው መጥታ ወሬ ጀመሩና፣ ጎህ ሲቀድ ጅቦች በኛ ወንዝ ሽቅብ እንደሚያልፉ ነገራት። "በናትዎ ጋሽ ሾዴ፣ ስንት እንደሆኑ ይጻፉልኝ፤ ምልክታቸውንም" አለችው። አለቀ። ጆሮው የተቀደደ፣ ጅራቱ የተጎመደ፣ ጎኑ ላይ ነጥብ የበዛበት እያለ አንድ በአንድ ለያቸው። አሥራ አንድ ሆኑ። ለማስታወስ ደግሞ ስም ያስፈልጋል፤ ይህ ሞኝ ሰውዬ የሰፈሩን ሰው ስም ሰጣቸው። ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀረውን ጌቱ አለው፤ ጎረቤታችን ጌቱ ቅዳሴም ለቅሶም የሚደርሰው ሰው ሊበተን ሲል ነው። የኋላ እግሯ ቆስሎ የምታነክሰዋን ደግሞ ሰርኬ አላት።

እትዬ ሰርኬ ቤት ያከራዩን ሴትዮ ናቸው። አንድ ግቢ ነን። ስኳር አለባቸው፤ ከመስከረም ጀምሮ ግራ እግራቸው ቆስሎ በከዘራ ነው የሚሄዱት። "አንተ ሰው፣ ነውር ነው" ብዬ ብነግረው "ማን ያየዋል?" አለኝ።

ልጃቸው አይዳ አየችው። ያሠራችውን ነጠላ ልትወስድ ገባች፤ ሾዴ ወደ ጓዳ ዞር ባለበት ደብተሩ ተከፍቶ ነበር። "ሰርኬ። ቁስሏ ብሷል። ዛሬ ወንዙን መሻገር አቃታት። ክረምቱን የምታልፍ አይመስለኝም" ይላል። ያን ሰሞን የእናቷ እግር ይቆረጥ አይቆረጥ እየተባለ ነው። ነጠላውን ወለሉ ላይ ጥላው ወጣች፤ ያየችውንም ለሰፈሩ አወራች።

በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ሾዴ ሲያልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ሸፈኑ። ሊነጋ ሲል የት ነው የሚሄደው ይላሉ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደብተሩ ላይ አለ ይላሉ። ጌቱ ደጃችን ድረስ መጥቶ "የኔንስ ቀን መቼ ብለህ ጻፍከው?" ሲለው ሮጬ በሩን ዘጋሁ። ሲመሽ ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ተደገመ። ሰው በሰው ላይ እንዲህ ተነሳስቶ ምን እንደሚያደርግ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ባሌን ከነቤቱ የሚያቃጥሉት መሰለኝ።

"ደብተሩን ላቃጥለው ነው" አልኩት።

"ካቃጠልሽውማ እውነት ነበር ይላሉ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ልብሳችንን በአንሶላ ቋጠርኩ፤ የት እንደምንሄድ ግን አላውቅም።

በአራተኛው ቀን እትዬ ሰርኬ አስጠሩን። ግቢው መሀል ፍራሽ ተነጥፎላቸው እግራቸውን ዘርግተዋል። ሰፈሩ ሁሉ አለ። በሩ ጋ የቆሙት ወንዶች ዱላ ይዘዋል። ሾዴ ቀስ ብሎ አስረዳ። "የታመመችው ጅቧ ናት እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ስሙን መስጠቴ ጥፋት ነው" አለ። ጌቱ "ጅብ እስኪይዝ ያነክሳል" ሲል ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ ዱላውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ ሲያዞር አየሁት።

እትዬ ሰርኬ እጃቸውን አነሱ።

"ዓለሜ፣ እኔ የማምነው አንቺን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረሽው ኖረሻል። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፤ ባልሽ ሰው ነው?"

ሰው ነው ልል አፌን ከፈትኩ። የእናቴ ድምፅ መጣብኝ። በየቀኑ በጨለማ ከጎኔ ይነሳል፣ እግሩ ጭቃ ነክቶ ይመለሳል። ሄጄ አይቼው አውቃለሁ? አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ሾዴ ወደኔ ዞረ። ሁለት ጊዜ፣ ምናልባት ሦስት ጊዜ እስክተነፍስ ድረስ ቆየሁ።

"ሰው ነው! ከሁላችንም የሚሻል ሰው ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ ለቅሶዬም መጣ።

"በቃ፣ ሰምታችኋል። ማንም ደጃቸው እንዳይደርስ" አሉ እትዬ ሰርኬ። "ለነገሩ ስሜን ከሰጠ አይቀር ቆንጆዋን በመረጠልኝ" ሲሉ ሰው ሳቀ። ዱላዎቹ ወረዱ። ጌቱ ሳይቀር የሾዴን ትከሻ ስሞ ይቅርታ ጠየቀ።

ሾዴ አልሳቀም። መቆየቴን ሰምቶታል። ያን ቀን ምንም አላለኝም፣ በማግስቱም አላለኝም፤ ዝም ብሎ ይሸምናል። ምነው በሰደበኝ እላለሁ። እኔ ራሴ ሁለተኛ እንደምጠራጠረው እፈራለሁ፤ እንቅልፍም አይወስደኝም።

በሦስተኛው ቀን ሊነጋ ሲል "ተነሺ፣ እንሂድ" አለኝ። ነጠላዬን ብቻ ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጀመሪያ ሽታቸው መጣ፤ ከዚያ በባሕር ዛፎቹ መሀል አንድ በአንድ አለፉ። ሰባት ቆጠርኩ። ክንዱን ጨምድጄ ይዣለሁ። በመጨረሻ አንካሳዋ መጣች፤ አሥር እርምጃ ያህል ቀርባን ቆመችና አየችን።

ሾዴ ጅቧን አላያትም። ፊቱን አዙሮ የሚያየው እኔን ነው።

"አየሻት?"

"አየኋት።"

"እኔስ የት ነኝ?"

"አጠገቤ።"

ጅቧ እያነከሰች ሽቅብ ስትሄድ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ጭኔ ላይ አስቀመጠ። "ጻፊው" አለኝ፣ "በራስሽ እጅ።"

ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። አንካሳዋ በመጨረሻ አለፈች ብዬ ጻፍኩ። ከሥር ደግሞ "ባሌ ሾዴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር" ብዬ ጨመርኩ። ፊደሉ ተጣመመብኝ።

"ብርዱ ነው" አልኩት።

"አዎ" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋቢውን አውልቆ ይደርብልኝ ነበር።