ሁለቱ ወልደሰንበቶችና አንዱ ፓኬጅ

ሶረቲ ዋቅቶላ አምቦ ተወልዳ አምቦ ብትማርም ሥራ ያገኘችው እንጭኒ ነው፤ በአንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና። ነገር ሲበላሽ ከመበሳጨት ይልቅ «ለምን?» ማለት ይቀናታል።

በ2012 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቀን ነርሷ ሲስተር ዘቢደር ካርድ አንሥተው «ወልደሰንበት!» ብለው ሲጣሩ ሁለት ሽማግሌዎች እኩል ብድግ አሉ።

«የማን ልጅ?» አሉ አንደኛው።

ካርዱን ቢያዩት የአባት ስም የለም። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ዘቢደር ግን የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ብሰጥስ ብለው ደነገጡ፤ ካርዱን ይዘው ሶረቲ ዘንድ ገቡ።

ሶረቲ የዕለቱን ካርዶች አስተያየች። በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ የተጻፉት ስሞች ከነአባታቸው ሙሉ ናቸው። በግዕዝ ፊደል የተጻፉት ብቻ ተቆርጠዋል።

«ይሄ ማሽን ፊደል ይጠላል እንዴ፣ ሲስተር?»

ፓኬጅ የሚባለውን፣ ካርድ የሚያትመውን የፕሮግራሙን ክፍል፣ ኮድ ከፍታ ስታነብ ነገሩ ተገለጠላት። ፕሮግራሙ ስሙን የሚለካው በፊደል ብዛት ሳይሆን ኮምፒውተሩ ውስጥ በሚይዘው ቦታ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ የሦስት የቁቤ ፊደል ቦታ ይበላል። ማስተካከያው አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማስተካከያው እንዲሠራ ፓኬጁን እንደገና ልትገነባ ስትል ኮምፒውተሩ ፓኬጁ የተደገፈባቸውን ሌሎቹን ፓኬጆች ሁሉ ከኢንተርኔት አምጥቼ በአዲስ ልተካ አለ። ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ እንዲሁ ሁሉንም አድሶ የላቦራቶሪው መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር ተኳርፎ እንደከረመ ሰምታለች።

«እሺ በይውና ተገላገይ» አሏት ኃላፊው ኦቦ ጉደታ።

«አንድ ቆርቆሮ ስለተቀደደ ግድግዳውን አላፈርስም፣ ኦቦ ጉደታ።»

የክሊኒኩን ፕሮግራም እንዳለ በትርፍ ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ የኢንተርኔት ገመዱን ነቀለች። «እስቲ አሁን ከየት ታመጣለህ?» ኮምፒውተሩ አዲሶቹን ፈልጎ አጣና አልሠራም ብሎ ቆመ። እሷ ይብሱን ጓጓች። እውነት አዲስ ያስፈልገዋል ወይስ ልማድ ሆኖበት ነው? መመሪያውን ስታነብ «ባሉት ገንባ» የሚል ትእዛዝ እንዳለ አየችና ያንኑ ሰጠችው። በስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ፓኬጁ ተገንብቷል፤ የቀሩትን ብታያቸው አንዱም አልተነካም።

«ወልደሰንበት እንግዳወርቅ» የሚለው የአንደኛው ሽማግሌ ስም ሙሉውን ታትሞ ወጣ፤ የመጨረሻዋ «ቅ» ከካርዱ ጠርዝ ልትወድቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ፓኬጁ ወደ ዋናው ኮምፒውተር ሲዛወርም ላቦራቶሪው ውጤቱን እንደወትሮው ላከ።

«ገለቶሚ፣ ልጄ!» ብለው አመሰገኗት ዘቢደር።

ወሬው ያንኑ ፕሮግራም ወደሚጠቀሙ ክሊኒኮች ደረሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ ዓለም ከተማ ያለ ክሊኒክ ጠራት። እዚያ የተቆረጠ ስም የለም፤ ይልቁን ዕድሜ ሁሉ አንድ ዓመት ተጨምሮበት ይታተማል።

«ይሄስ ሌላ ነው» አለች ሶረቲ ደስ ብሏት፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች።