መሀል መንገድ የቀረው አረር

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። ሰው አልሞተበትም፤ አንበሳም አልተገደለበትም። ትምህርት ከጀመርኩ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ስለሆነም ከእኔ አሳምሮ የሚተርከው አይጠፋም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበርና እኔው ብጽፈው ይሻላል።

ከአሶሳ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ከአጎቴና ከሚስቱ ጋር እኖር ነበር። የዓመት ቀለባችን የሚወጣው ከአንድ የማሽላ ማሳ ነው። ማሽላው ሲያሽት ዝንጀሮ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል፤ የሚመልሰው ደግሞ ባሩድና አረር በአፉ የሚጎርሰው የአጎቴ አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነው። የአጎቴ ጣቶች አልታዘዝ ስላሉት እኔ አጎርሳለሁ፣ እሱ ይተኩሳል።

አረር መምረጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። እርሳሱን ነከስ አደርገዋለሁ፤ የጥርስ ምልክት ካልያዘ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታልና ይጣላል። ከዚያ ባሩዱን አፈስሳለሁ፤ አረሩን ሞራ በተቀባ ጨርቅ ጠቅልዬ በዘንግ እስከ ባሩዱ ድረስ እገፋዋለሁ። ጨርቁ ከአሮጌ ልብስ፣ በእጥበት ብዛት ከሳሳው መሆን አለበት።

በዚያ ዓመት ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ግን ይህን ተላለፍኩ። ቢስሚላህ ተብሎ የሚተኮስን አረር በእራፊ መጠቅለል ክብር መንሳት መሰለኝ። አጎቴንም ደስ ላሰኘው ብዬ ለዒድ ከተገዛልኝ አዲስ ጀለብያ ጫፉን ቆረጥኩ። ጨርቁ ወፍራም ነበር። አረሩ መሀል ሲደርስ ቆመ። በሁለት እጄ ብገፋው አልነቃነቅ አለ፤ ወደ ኋላም አይወጣም። እንዲህ ሆኖ ቢተኮስ ብረቱ ፈንድቶ የተኳሹን ፊት ይዞ ይሄዳል። ብረቱን ፈትቶ የሚያወጣልን ቀጥቃጭ ደግሞ ወደ ሸርቆሌ ሄዶ ኖሯል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

አጎቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠመንጃውን ደህና እንደሆነ አድርጎ አንግቶ ማሳው ዳር ቆመ። ሦስት ቀን ዝንጀሮዎቹ ሲያዩት ሸሹ። በአራተኛው ቀን አውራው ቀረብ ብሎ ተቀመጠ። አጎቴ አነጣጠረበት። አውራው ዓይን ዓይናችንን እያየ አንድ የማሽላ ራስ ሰብሮ መፈልፈል ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ገቡ። ድንጋይ ብንወረውር፣ ብንጮህ፣ በአንድ በኩል ስናባርር በሌላው ይመለሳሉ።

ጎረቤታችን ሽማግሌው ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ «ረመዳን ካለፈ ሰነበተ እኮ፤ ያንተ ጠመንጃ ገና ጾሙን አልፈታም?» አሉት።

«እሱስ ጎርሷል» አለ አጎቴ። «የምንጾመው እኛ ነን።»

ቀጥቃጩ ሲመለስ ማሳው ውስጥ የቀረው አገዳ ብቻ ነበር። ባሩዱን በውሃ አርሶ፣ የጠመንጃውን ቂጥ ፈትቶ አረሩን ከእነ ጀለብያዬ ቁራጭ አወጣው። አጎቴ አረሩን ተቀብሎ ነከሰውና የጥርሱን ምልክት አየ። «መርጠህስ ነበር» አለኝ።

ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፰፻፺፱ ዓ.ም. ነበር።